ስንት ዙር ላይ ትኖራለህ

ከጠባሴ ዝቅ ብሎ፣ ማሙሸት ጋራዥ ውስጥ፣ በኅዳር ውርጭ ማለዳ፣
ዲኤክሴ አፏን ከፍታ ቆማለች፣ ጥርስ እንደሚነቀልላት፣ ከሐኪም ጓዳ።
ነጭ ነበረች ድሮ፤
የሹፌሩ በር ሰማያዊ ሆኗል፣ ከሞተች እህቷ ተቀይሮ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ በግሪስ የራሰ ጋዜጣ ለብሰው፤
አንዱ ጨዋ ነው። አንዱን ግን ገና ሳየው ልቤን አላወሰው።
የጨዋው ጉብታ ለዘብ ያለ፣ ከፋብሪካው በጥቂት የሚረዝም፤
ያኛው አፍንጫው ከፍ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ተኝቶ የሚያስገመግም።

«እሱን ግጠምልኝ» አልኩ፤ ጣቴ ነው ቀድሞኝ የጠቆመው።
ማሙሸት እጁን በጨርቅ ያብሳል። መልስ ካለው ነው እንዲህ የሚያዘግመው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
ይሄ እንቁላል ግን መሄድ አያውቅም፣ ይዘላል።
ቫልቩን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፣ ከፍቶም ብዙ ያቆየዋል፤
ሰባት ሺ ዙር ላይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጆሮህ ይወደዋል።
ታች፣ ሚኒሞ ላይ ግን፣
መግቢያውም መውጫውም ባንዴ ክፍት ነው፤
እንግዳው ቤንዚን አረፍ ሳይል፣ ሳይቀምስ፣ በጓሮ በር የሚሸኘው።
ያኔ ታነክሳለች። በቆመችበት ትንቀጠቀጣለች፣
ወባ ይዟት ከሸዋሮቢት እንደወጣች።

ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤
ሞላ ይልሃል፣ ካርቡራተር ይልሃል፣ ማርሚታ ይልሃል፤
እንደ ሙሽራ ዘመድ ነው፣ አንዱን ስታስገባ ሌላው በር ላይ ይቆምሃል።

አሁን ንገረኝ፤ ስንት ዙር ላይ ትኖራለህ?»

«እ?»

«ከሰኞ እስከ ሰኞ ቁጠርልኝ። ምን ጭነህ፣ የት ትሄዳለህ?»

መጀመሪያ ዋሸሁ።
እበራለሁ አልኩ፣ ሌሊት፣ ባዶ አስፋልት ላይ፣ መስኮት ከፍቼ።
ዝም አለኝ። እኔም ቆጠርኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ፣ ድምፄን አጥፍቼ፤
ሰኞ ብርድ ልብስ ቁልቁል። ማክሰኞ ሽንኩርት ሽቅብ።
ረቡዕ አስተማሪዎች፣ አምስት ሆነው፣ ጉልበት ላይ የደብተር ክምር።
እሑድ ከሙሽሮች ኋላ፣ ጥሩንባ ብቻ እየነፋሁ፣ በአህያ እርምጃ።

«ታዲያ ይሄን ምን አስመኘህ?»

ጣርማበር ዳገት ላይ አንድ አይሱዙ አለፈኝ፣ በሬ ጭኖ።
አይሱዙው አይደለም ያንገበገበኝ።
በሬው ነው። አንገቱን አዙሮ፣ እያመነዠከ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኝ።

ማሙሸት አልሳቀም። ይህን ውለታ አልረሳለትም።
«ጣርማበር ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ያለከልካል፤
በሩን አሰፋህ እንበል፤ የሚገባ ከሌለ፣ የሰፋ በር ምን ያደርጋል?»

ውጭ ፀሐይ ውርጩን ከቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋለች።
ብዙ ቆምኩ።
«ጨዋውን» አልኩ፣ እዳ እንደሚያምን ሰው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ነጥብን ከነጥብ አጋጥሞ ሰንሰለቱን ዘጋ፤
ቁልፉን ሳዞር ተነሣች፣ አላጓራችም፣ እንዲያው ሰላም አለችኝ በእርጋታ።

ሐሙስ። ሦስት ጆንያ ሽንኩርት፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሚያስመልሰው ሕፃን።
ደብረ ሲናን አለፍን፣ ጉም ዋጠን።
ከዋሻው በታች አንድ መታጠፊያ አለ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ስደርስ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወርጃለሁ።
እጄ በልማዷ ሄደች፣ የማርሹን እራስ ነካች፣
ሞተሩን ሰማች፣
ባዶዋን ወደ መሪው ተመለሰች።

በሦስተኛ ወጣን። ይኸው ነው።
አይሱዙ? አልፎናል እንጂ፣ ሁለቴ።

ያኛው ካምሻፍት ዛሬም ማሙሸት መደርደሪያ ላይ ነው፤
ዘይት ልቀይር ስሄድ ጋዜጣውን ገለጥ አደርጋለሁ።
አልነካውም።
እነካዋለሁ፤ በአንድ ጣት ብቻ፣ አፍንጫው ላይ።